ብሮሹሩ የዋጠው ወሬ

በሩን ገርበብ አድርጉትና ጠጋ በሉ። ከዚህ እንዳይወጣ ታዲያ።

ውጭ አገር አርክቴክቸር ልትማሩ ነው አሉ። እሰየው! ብሮሹሮቹን ደርድራችሁ እያገላበጣችሁ እንደሆነም አውቃለሁ። ሁሉም ላይ ያው ፎቶ ነው ያለው፦ ነጭ ግድግዳ፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ ጥቁር የለበሰች ፈገግተኛ ተማሪ፣ ከፊቷ አንዲት ንጹሕ ሞዴል። ያንኑ ክፍል ለጁሪ፣ ማለትም ሥራችሁ በዳኞች ፊት ለሚገመገምበት ቀን፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብታዩት! ወለሉ በካርቶን ቁርጥራጭ ተሸፍኗል። አንዱ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል። ሌዘር መቁረጫው በር ላይ ያለው ሰልፍ የቀበሌ ዘይት ሰልፍ ነው። ሙጫና የትናንት ፒዛ ተደባልቆ ይሸታል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚያ ሰዓት አይጠራም።

እኔ አርክቴክት ነኝ፤ አሜሪካ ውስጥ ፖርትፎሊዮ የሚመረጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ? እሱን ተዉት።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንተኛ ነው?» እያለ ነው። ኪውኤስ የሚባለው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች የደረጃ ሰንጠረዥ በዋናነት የሚለካው ምሁራንና ቀጣሪዎች ስለ ተቋሙ ያላቸውን ግምትና የመምህራኑ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ነው። እስቲ አስቡት። ሕንፃ የሠራ መምህር ሕንፃውን ማን ይጠቅስለታል? አንድ የስቱዲዮ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚይዝማ ሰንጠረዡ አያውቅም። ብሮሹሩ ላይ ፎቶው የወጣው ዝነኛ ሰውዬስ? አንዳንድ ቦታ ለጁሪ ብቅ ብሎ የሚጠፋ እንግዳ ነው። በየሳምንቱ እርሳስ ይዞ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ጠዋት ቢሮው ሲሠራ አርፍዶ ከሰዓት እየሮጠ የሚደርስ የትርፍ ሰዓት መምህር ነው። (በእኔ ይሁንባችሁ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ትናንት ሳይት ላይ ከኮንትራክተር ጋር የተጨቃጨቀበትን ዛሬ ይዞላችሁ ይመጣል።)

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ወደ ዲግሪው ስም መጣን።

አሜሪካ ውስጥ «አርክቴክቸር» የሚል ቃል ያለበት ዲግሪ ሁሉ አርክቴክት አያደርግም። የሙያ እውቅናውን የሚሰጥ ናብ የሚባል አካል አለ፤ እውቅናውም ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው አይደለም። ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት የሚፈጀው ባችለር ኦፍ አርክቴክቸር እውቅናው የሚሰጠው ዲግሪ ነው። አራት ዓመት የሚፈጀው ባችለር ኦፍ ሳይንስ ግን አይሰጠውም፤ በላዩ ማስተርስ ትጨምራላችሁ፤ ሌላ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ሌላ ክፍያ። አብዛኞቹ ግዛቶች ደግሞ ላይሰንስ ሲሰጡ የሚጠይቁት ያንኑ እውቅና ነው። ስልክ ደውላችሁ «አርክቴክቸር አላችሁ?» ብትሉ መልሱ «አዎ» ነው። አልዋሹም እኮ!

ከዚህ የበለጠች ሹክሹክታም አለችኝ። ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ናት።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚመደብባት ኮድ አለች፤ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚልክላችሁ አይ ትዌንቲ የሚባል ሰነድ ላይ ታገኟታላችሁ። 04.0201 ከሆነች፣ ስትመረቁ በተማሪ ቪዛ መሥራት የምትችሉት 12 ወር ነው። 04.0902 ከሆነች ግን መንግሥት ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ መድቧታል፤ ሌላ 24 ወር መጠየቅ ትችላላችሁ። ያው ስቱዲዮ፣ ያው ማስተርስ፤ አንዷ አንድ ዓመት፣ ሌላዋ ሦስት ዓመት። ለላይሰንስ ደግሞ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ ልምድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓመት ሥራ ማን ይሞላዋል? ይህ የገባቸው ትምህርት ቤቶች ኮዳቸውን ድምፅ ሳያሰሙ ቀይረዋል። ያልቀየሩትም ስለዚህ ጉዳይ ድምፅ አያሰሙም። ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

«ለአሜሪካ የሚሆን ገንዘብ ከየት?» የምትሉ ወደ አውሮፓ ዙሩ። የጀርመን ነፃ ትምህርት ወሬ እውነት ነው፤ ግን ጅራት አለው። ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስከፈል ይዟል። ነፃ የሆነው ቦታም ቢሆን ለቪዛው የዓመት ቀለብ፣ 11,904 ዩሮ ገደማ፣ በታገደ ሒሳብ አስቀምጣችሁ ማሳየት አለባችሁ። ሚላን ፖሊቴክኒክ ክፍያውን ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያያይዘዋል፤ የክልሉ ስኮላርሺፕም አለ። የሚጥለው የመግቢያ ፈተናው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአባታችሁ የገቢ ማስረጃ በጊዜ አለመድረሱም ነው። የዙሪኩ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ኢቴሃ ለውጭ ተማሪዎች ክፍያውን ሦስት እጥፍ ካደረገ በኋላ እንኳ ከአሜሪካ አንጻር ርካሽ ነው፤ ግን ባችለሩ በጀርመንኛ ነው።

ፖርትፎሊዮውስ? እህ፣ እዚህ ላይ ነው ሳቁ። ለአንዱ ደቂቃዎች ናቸው ያሉን። ብዙው አመልካች የሚልክልን በኮምፒውተር ያብረቀረቀ ቪላ ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመችው መኪና ሳትቀር ያው ናት። አንድ ቀን ግን ከኢትዮጵያ አንዲት ልጅ አያቷ ጀምራ ያልጨረሰችውን መሶብ በእርሳስ ስላ ላከች። ግማሹን ቆርጣ ከፍታ ነው የሳለችው፦ ስንደዶው እንዴት እንደሚጠማዘዝ፣ አክርማው ስንቴ እንደሚዞረው፣ ወስፌው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲያዛጋ የነበረው ፕሮፌሰር መነጽሩን አጠለቀ። «ቀጥሎ የት ይወጋል?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔ ስፌት የምችል መስዬው!

ተቀበልናት። ስኮላርሺፕም ጻፍንላት፤ ግማሽ።

የመጨረሻዋ ወሬዬ እዚህ ጋ ናት። መጀመሪያ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ያለው ገንዘብ ሁልጊዜ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም፤ በተለይ ለማስተርስ። ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት የሰጣትን ደብዳቤ አያይዛ በትሕትና ጻፈች፦ «የእናንተን እመርጣለሁ፤ ልዩነቱን ልታዩልኝ ትችላላችሁ?» አለች። ጨመርንላት።

ሰብሳቢያችን ደብዳቤዋን ሁለቴ አንብቦ «ለመሆኑ ይህችን ልጅ ማን መከራት?» አለ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።