የቁስል ፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ከአንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ፦ ጥቅሙና ገደቡ

ሆድ ተከፍቶ በሚደረግ የአንጀት ቀዶ ጥገና ከሚያጋጥሙ ችግሮች መካከል የቁስል ማመርቀዝ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሕመምተኛው በሆስፒታል የሚቆይበት ጊዜ ይራዘማል፤ የመድሃኒትና የአልጋ ወጪም ይጨምራል።

በ66 አገሮች የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው 12 ሺህ 539 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ30 ቀናት ውስጥ ቁስላቸው ያመረቀዘ ሕሙማን ድርሻ ከፍተኛ የሰብአዊ ልማት ደረጃ ባላቸው አገሮች 9.4 በመቶ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ደረጃ ባላቸው 23.2 በመቶ ነው።

አንጀት ሲከፈት በውስጡ የሚኖሩ ተህዋስያን ወደ ቁስሉ ሊደርሱ ይችላሉ። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ የደም ዝውውሩ አነስተኛ በመሆኑ፣ በዚያ የሚጠራቀም ደምና ፈሳሽ መራቢያ ይሆናቸዋል።

ይህን ለመከላከል ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ፣ ቆዳው ከመሰፋቱ በፊት በስቡ ውስጥ የሚቀመጥ ቀዳዳዎች ያሉት ለስላሳ ቱቦ ነው። የቱቦው ጫፍ አየሩ ተጨምቆ ከወጣ መያዣ ጋር ስለሚገናኝ ፈሳሹን እየሳበ ያወጣል። የጤና ባለሙያዎችም የፈሳሹን መጠንና መልክ በየዕለቱ እየመዘገቡ፣ መጠኑ ሲቀንስ ቱቦውን ያወጡታል።

በዘዴው ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሆዳቸው ስብ ወፍራም በሆነ ወይም ቁስላቸው በተበከለ ሕሙማን ላይ ጥቅም ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ቱቦው ለሁሉም በመደበኛነት እንዲገባ የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። ከሚገባው ጊዜ በላይ ከቆየም ራሱ የተህዋስያን መግቢያ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የመከላከያ ጸረ-ተህዋስያን መድሃኒት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቱቦ ገብቷል በሚል ምክንያት ብቻም ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዳይቀጥል መክሯል።

ጋና፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳን ጨምሮ በ7 አገሮች በ13 ሺህ 301 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጓንትና የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን መቀየር ብቻ የማመርቀዙን መጠን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አረጋግጧል።

በመሆኑም ቱቦው በሐኪም ውሳኔ ለተመረጡ ሕሙማን የሚውል ተጨማሪ ዘዴ እንጂ የንጽህናና የጥንቃቄ ሥራዎች ምትክ አይደለም። ለግዥው ከሚመደበው በጀት ጎን ለጎን፣ በየዕለቱ የሚከታተልና የሚመዘግብ የሰለጠነ ነርስ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።