ስለ ዱቄት ከረጢትና ስለ እመቤቶች የእጅ ሥራ

ባለሱቅ ሸቀጡን በመደርደሪያው ላይ ባኖረ ጊዜ፣ ደንበኛው የሚመርጠው ዕቃውን ይሁን መያዣውን ሁልጊዜ በርግጥ ሊያውቅ አይችልም። በአሜሪካ አገር ሠላሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ዱቄትና የዶሮ መኖ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ገበያቸው የሚወሰነው በእህሉ ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ እህሉ ካለቀ በኋላ በሚቀረው ጨርቅ ላይ በታተመው አበባ ጭምር መሆኑን ተረድተው ነበር። ምክንያቱም ዋነኞቹ መራጮች ስፌትን ከባልትናቸው ጋራ፣ ግማሹን ስለ ችግር ግማሹን ስለ ደስታ የያዙ የቤት እመቤቶች ስለ ነበሩ ነው። ነገሩ ዛሬም ለሚያስመጣና ለሚቸረችር ሰው የሚጠቅም ሒሳብ አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ ዱቄት የሚጫነው በእንጨት በርሜል ነበር፤ አንዱ በርሜል 196 ፓውንድ፣ ማለት 89 ኪሎ ያህል ይይዛል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የስፌት መኪና ከተፈለሰፈ ወዲህ የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ክብደት እንዲችል አድርጎ መስፋት ስለ ተቻለ በርሜሉ ቀስ በቀስ ቀረ። የከረጢቱ ልክ ግን የበርሜሉን ግማሽ 98 ፓውንድ፣ ሩቡንም 49 ፓውንድ እየተከተለ ብዙ ጊዜ ቆየ። ጨርቁ ያልነጣ፣ ተራና ጠንካራ ሸራ መሰል ነበር፤ በእኛ አገር አቡጀዲድ ከሚባለው ብዙም የሚርቅ አይደለም። እንዲያውም በ1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ የንግድ ውል ለመዋዋል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ አገሩ ወደ ኢትዮጵያ ከምትልካቸው ሸቀጦች ዋነኛው ይኸው ተራ የጥጥ ጨርቅ ነበር።

ባዶውን ከረጢት መጣል ለገበሬ ሚስት የማይታሰብ ነገር ነው። ከረጢቱ የተዘጋበት ስፌት ጫፉን ይዘው ሲስቡት ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል፤ ክሩም ተጠቅልሎ ለሌላ ስፌት ይቀመጣል። አስቸጋሪው የወፍጮ ቤቱ ማኅተም ነበር። ቀለሙን ለማስለቀቅ በአሳማ ሞራ ወይም በላምባ ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያም በሣሙና እያሹ ይቀቅሉታል። ቢሆንም አንዳንዱ ፊደል አልለቅ እያለ፣ የልጁ የውስጥ ሱሪ የዱቄቱን ስም ተሸክሞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ከጨርቁ የእጅ መጥረጊያ፣ የትራስ ልብስ፣ ሽርጥና መጋረጃ ይወጣል፤ ቁርጥራጩ ደግሞ አሜሪካኖች እጅግ የሚኮሩበት ድርብ የአልጋ ልብስ ይሆናል። ይህ የአልጋ ልብስ ላዩ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ የተጋጠመ፣ መካከሉ ባዘቶ ጥጥ፣ ሥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጭ የከረጢት ጨርቅ ሆኖ፣ ሦስቱ በአንድነት በጥቃቅን ስፌት የተያያዙ ናቸው። ጎረቤታሞች ተጠራርተው እንደ ደቦ ባንድነት ይሰፉት ነበር። በአማርኛ ድሪቶ ሲባል የድህነት ስም ነው፤ በዚያ ግን የቁርጥራጩ አገጣጠም ሙያ የሚመሰከርበት ጌጥ ሆኗል።

በ1914 ጦርነት ቤልጅግ በጀርመኖች ተይዛ ሳለ ከአሜሪካ በእርዳታ የተላከላት ዱቄት በእነዚሁ ከረጢቶች ገባ። የቤልጅግ ሴቶችም ባዶዎቹን በሐርና በክር ጠልፈው ለምስጋና መልሰው ላኩ፤ ከነዚያ ከረጢቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በአሜሪካ በክብር ተቀምጠው ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ ነጋዴዎች ብዙ ዘመን እያዩ ዝም ካሉ በኋላ፣ በ1924 የሚዙሪው አሳ ቤልስ እህሉ ሲያልቅ ለልብስ የሚሆን ከረጢት ስለ ማዘጋጀት የፈጠራ መብት ጠየቀ። መብቱም በሴንት ሉዊስ ለሚገኘው ለጆርጅ ፕላንት የወፍጮ ኩባንያ ተላለፈ። ኩባንያው ቀድሞውኑ «ጊንጋም ገርል» በሚል ምልክት የሚታወቅ ዱቄት ነበረው፤ ጊንጋም ማለት ጥቃቅን አራት ማዕዘን ጥለት ያለው የጥጥ ጨርቅ ነው። እነሆ ዱቄቱን በዚሁ ጨርቅ ከተተው። ሌሎቹም ተከተሉ። ባለ አበባ፣ ባለ ነጠብጣብ፣ ባለ ዶሮና ባለ መርከብ ቺት ከረጢት ሆኖ ወጣ፤ እንደ ቤሚስና እንደ ፐርሲ ኬንት ያሉ ከረጢት ሠሪዎችም ንድፍ በማውጣት እርስ በርሳቸው ተሽቀዳደሙ። ማኅተሙም በቀላሉ በሚለቅ ቀለም፣ ወይም ውሃ ሲነካው በሚነሣ ወረቀት ላይ ይታተም ጀመር።

ከዚህ በኋላ ችግሩ የባለሱቁ ሆነ። ከ100 ፓውንድ ከረጢት የሚገኘው ጨርቅ ከአንድ ያርድ ጥቂት ይበልጣል፤ ለአንዲት ሴት ቀሚስ ደግሞ ሦስት ያህል አንድ ዓይነት ከረጢት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባልየው መኖ ሊገዛ ሲላክ የጨርቁን ናሙና በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ የሚፈለገውም አበባ ዘወትር ከክምሩ ሥር ነው። ሃያ ከረጢት አንሥቶ ሃያ አንደኛውን ማውጣት ለሻጩ ድካም ነው፤ እምቢ ቢል ግን ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለ መኖና ስለ ዱቄት እንጂ ስለ ቀሚስ ተምሮ የማያውቅ ነጋዴ ትእዛዝ በሚሰጥበት ጊዜ የትኛው ቀለም እንደሚወደድ መገመት ግዴታው ሆነ። እህሉ ምንም ሳይጎድለው፣ ንድፉ ስላልተወደደ ብቻ ከረጢቱ በመጋዘን ሊውል ይችላል። ይህን ኪሣራ የሚሸከመው ንድፉን ያወጣው ፋብሪካ ሳይሆን ባለሱቁ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

በ1930ዎቹ የገንዘብ እጥረት፣ ቀጥሎም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የከረጢቱ ክብር ከፍ አለ። በጦርነቱ ወቅት የልብስ ጨርቅ ሲያጥር የከረጢት ጨርቅ ለኢንዱስትሪ የሚውል ተብሎ ስለ ተቆጠረ መሠራቱ አልተቋረጠም። በ1942 ከከረጢት የተሰፋ ቢያንስ አንድ ልብስ የሚለብሱ ሴቶችና ልጆች፣ ከሀብታምም ከድኻም፣ ሦስት ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቶ ነበር።

ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ሒሳቡ ተለወጠ። አንዱን የጥጥ ከረጢት ለመሥራት 32 ሳንቲም ይፈጃል ሲባል፣ የወረቀቱ 10 ሳንቲም ብቻ ነበር። በመካከሉ ያለው 22 ሳንቲም ደግሞ ስጦታ አልነበረም፤ እመቤቲቱ በዱቄቱ ዋጋ ውስጥ የምትከፍለው የጨርቅ ዋጋ ነው። የምትሰፋ እስከ ሆነች ድረስ ደስ ብሏት ትከፍላለች፤ ለማትሰፋው ግን ከንቱ ወጪ ነው። በ1948 አዲሶቹ መያዣዎች ከገበያው ከግማሽ በላይ ያዙ።

የጥጥ ነጋዴዎች የመረጡት መከላከያ አስተዋይነት የሞላበት ነበር። ዋጋቸውን ከወረቀት ዋጋ ጋራ ማወዳደር ትተው የስፌትን ፍቅር ለማቆየት ተጣጣሩ። የአሜሪካ የጥጥ ምክር ቤትና የከረጢት ሠሪዎች ማኅበር የልብስ አቆራረጥ የሚያስተምሩ መጻሕፍት በተኑ፣ የስፌት ውድድር አቆሙ፤ በ1959 እንኳ በሜምፊስ ትርኢት የከረጢት ልብስ ውድድር ይደረግ ነበር። ይሁንና የሚታገሉት ከወረቀት ጋራ ብቻ አልነበረም። የተቆራረጠ ዳቦ በ1928 በሚዙሪ ቺሊኮቲ ከተማ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በቤት የሚጋገር ዳቦ ቀነሰ፤ ዳቦ የማትጋግር እመቤት 50 ፓውንድ ዱቄት ምን ያደርግላታል? የተሰፋ ቀሚስም በየሱቁ ረከሰ። ባልትናና ስፌት አብረው ከዕለት ተግባር ወደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ሲሸጋገሩ፣ ከረጢቱ ሁለቱንም ደንበኞቹን ባንድ ዘመን አጣ።

ዛሬ ከነዚያ ቀሚሶች አንዱ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ያልተተረተረ ባለ አበባ ከረጢትም በጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎችና በአልጋ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ በውስጡ ከነበረው እህል ይልቅ የተወደደ ነው። በአገራችን ማዳበሪያ የሚለው ስም ይዘቱ ካለቀ በኋላ በከረጢቱ ላይ እንደ ቀረ አንባቢ ያውቃል፤ በአሜሪካም እንዲሁ ሆኗል። በዚያ የወጥ ቤት ዕቃ መደብሮች «የዱቄት ከረጢት ፎጣ» ተብሎ እየታጠፈ የሚሸጥ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አለ። ከህንድ ጭምር ይገባል፤ ዱቄት ግን ተከቶበት አያውቅም።