ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ የሚነሣ ምርምር

በኢትዮጵያ የሕክምና ጥናቶች ሲታተሙ ነርሶችና አዋላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት በመጨረሻው የምስጋና ክፍል፣ «መረጃ ሰብሳቢዎች» ተብለው ነው። መጠይቁን ይሞላሉ፣ አበላቸውን ይቀበላሉ፤ ውጤቱ ግን ተመልሶ እጃቸው የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። ይህ አሠራር ከባለሙያዎቹ ይልቅ የሚጎዳው ሕሙማንን ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ መመልከት ይቻላል። የፈሰሰውን ደም በዓይን መገመት መጠኑን እንደሚያሳንስ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተሰኘው ጥናት ከ200,000 በላይ ወላዶችን አካቷል። የልኬት ምልክት ባለው የደም መቀበያ ፕላስቲክ መለካትንና የታወቁትን ሕክምናዎች በአንድነት መስጠትን ከተለመደው አሠራር ጋር አነጻጽሯል። በተለመደው አሠራር በጊዜው የታወቀው የደም መፍሰስ 51 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ በአዲሱ 93 ከመቶ ደርሷል። ለከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚሁ ምክንያት ለሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ለሞት የተዳረጉት እናቶች ደግሞ በተለመደው 4.3 ከመቶ፣ በአዲሱ 1.6 ከመቶ ነበሩ። በሥራው ላይ የዋለ አዲስ መድኃኒት አልነበረም።

እንዲህ ያለው ታላቅ ጥናት የሚጠይቀው ገንዘብና ድርጅት ከአንድ ጤና ጣቢያ አቅም በላይ ነው። ጥያቄው ሲጠብ ግን አቅሙ ይገኛል። «የደም መፍሰስ መንስኤዎች» የሚለው ርእስ ለጀማሪ አይሆንም። «ባለፉት ሦስት ወራት በዚህ ክፍል ከወለዱት እናቶች መካከል ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን የተሰጣቸው ስንቶቹ ናቸው?» የሚለው ግን ከመዝገብና ከካርድ መልስ ሊገኝለት ይችላል።

የአዋላጇ ዕውቀት ዋጋው የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ በካርዱ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ ይወስደዋል። በክፍሉ የምትሠራው አዋላጅ ግን ሥራ በበዛበት ሌሊት ካርዶች ሊነጋጋ ሲል በአንድነት እንደሚሞሉ፣ ያልተሞላ ሳጥንም «አልተሰጠም» ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች። ስለዚህ «ተሰጥቷል»፣ «አልተሰጠም» እና «አልተመዘገበም» የሚሉ ሦስት መልሶችን ለያይታ ትቆጥራለች። የመርፌው ሰዓት የማይታመን ከሆነም ወደ ኋላ መቁጠሯን ትታ ለጥቂት ሳምንታት በወሊዱ ሰዓት እየተመለከቱ መመዝገብን ትመርጣለች።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ከጠፉት ካርዶች ይመጣል። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትላክ ወይም ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ ወረቀቷ አብሯት ሊሄድ ይችላል። በመደርደሪያው የተገኙትን ካርዶች ብቻ የቆጠረ ሰው እንግዲህ በደኅና የወለዱትን ቆጠረ ማለት ነው፤ ክፍሉም ከእውነቱ ይልቅ አምሮ ይታያል። አካፋዩ መወሰድ ያለበት ከወሊድ መዝገቡ ነው፤ የጠፉት ካርዶች ቁጥርም በውጤቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ከ12 እናቶች 3ቱን «25 ከመቶ» ብሎ ማቅረብም ያሳስታል፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ቁጥሩን ራሱን መጻፍ ይሻላል።

ሐኪሞች በዚህ ሥራ የሚጠበቅባቸው ድርሻ ስሌት ከማስተማር ይሰፋል። በተራ ፕሮግራሙ ውስጥ ለጥናቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንዲመደብ ማድረግ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዲገኝ ማገዝ፣ የእናቶች ስም በመረጃ ቅጹ ላይ በመለያ ቁጥር እንዲተካ መከታተል የእነርሱ ነው። ጥያቄውን ያነሣችው፣ መረጃውን የሰበሰበችውና ውጤቱን በመጻፍ የተካፈለችው አዋላጅ ስሟ ከደራሲዎቹ ጋር ሊሰፍር ይገባል፤ የምስጋና አንቀጽ አይበቃትም።

ውጤቱ በመጀመሪያ የሚቀርበውም በዚያው ክፍል፣ በጠዋቱ የተራ ርክክብ ላይ ነው። ኦክሲቶሲን በወቅቱ እየተሰጠ ደም መፍሰሱ ካልቀነሰ የሚቀጥለው ጥያቄ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል፦ መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ቆይቷልን?