የካርድ ተጫዋቾች ‘ወፍጮ’ እንዴት የጨዋታ ሕግ ሆነ?

‘ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ’ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ሕግጋት አጥንቶ ወደ ጠረጴዛው የሚቀርብ ጀማሪ፣ ጨዋታው ሲጀመር ግራ ሊጋባ ይችላል። ነባሮቹ ተጫዋቾች ‘ሚል’፣ ‘ቱተር’፣ ‘ራዝ’ ይባባላሉ። ትርጉማቸውን ያላወቀ ሰው ባላጋራው ያሰበውን ሳይረዳ ሊሸነፍ ይችላል።

ጨዋታውን የፈጠረው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ለገበያ ያቀረበው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እንደ ተለመደው ካርታ ሁሉም በአንድ እሽግ አይጫወትም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከገዛቸውና ከተለዋወጣቸው ካርዶች የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል። ካርዶቹ የየራሳቸው ስምና ተግባር አላቸው፤ ብዙዎቹ ቃላትም የተወለዱት ከእነዚህ ስሞች ነው።

ከድንጋይ ወደ ግስ

የ‘ሚል’ መነሻ በ1994 የወጣው ‘ሚልስቶን’ ነው፤ ትርጉሙም የወፍጮ ድንጋይ። ካርዱ ከአንድ ተጫዋች ስብስብ አናት ላይ ሁለት ካርዶችን አንስቶ ‘መቃብር’ ወደሚባለው ክምር ይጥላል። ካርድ መሳብ ሲገባው ስብስቡ ያለቀበት ተጫዋች ይሸነፋል። በመሆኑም የባላጋራን ካርዶች እንደ እህል ፈጭቶ መጨረስ ራሱን የቻለ ስልት ሆነ፤ ቃሉም ተመሳሳይ ተግባር ላላቸው ካርዶች ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

‘ቱተር’ በእንግሊዝኛ አስጠኚ ማለት ነው። በተጫዋቾች አንደበት ግን ‘ዲሞኒክ ቱተር’ ከተባለው ካርድ ተወስዶ፣ የሚፈልጉትን ካርድ ከስብስብ ፈልጎ ማውጣትን ያመለክታል። ‘ራዝ’ ደግሞ በሜዳው ያሉትን ፍጡራን በሙሉ ከሚያጠፋው፣ ‘የእግዚአብሔር ቁጣ’ የሚል ስም ካለው ካርድ የመጣ ነው።

ከጨዋታው ውጭ የመጣም አለ። ‘ፕሮዲጋል ሶርሰረር’ የተሰኘው ጠንቋይ ‘ቲም’ ይባላል፤ ስሙም በ1975 በወጣው የሞንቲ ፓይተን አስቂኝ ፊልም ውስጥ ካለ አስማተኛ የተወሰደ ነው።

ሕጉ ተጫዋቾቹን ሲከተል

ካርዶቹ ግን ለዓመታት በዚህ ቋንቋ አልተጻፉም። ተጫዋቹ በአንድ ቃል የሚገልጸውን ድርጊት ካርዱ በረጅም ዓረፍተ ነገር ያብራራ ነበር። በ2020 ግን ኩባንያው ‘ሚል’ን መደበኛ የጨዋታ ቃል አድርጎ በካርዶች ላይ ማተም ጀመረ። የተጫዋቾች ቃል ሕግ ለመሆን 26 ዓመታት ፈጀበት።

ዛሬ ጀማሪው ‘ሚል’ን ከካርዱ ላይ ያነብባል። ‘ቱተር’ንና ‘ራዝ’ን ግን አሁንም የሚማረው ከጠረጴዛው ማዶ ከተቀመጠው ሰው ነው።