ዊላርድ ቦይል እና ፊልም የማያሻው ካሜራ

ዊላርድ ቦይል እስከ 14 ዓመታቸው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። እ.ኤ.አ. በ1924 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ተወለዱ። ሐኪም አባታቸው ቤተሰቡን ይዘው ኩቤክ ውስጥ እንጨት ቆራጮች ወደሚኖሩበት ሩቅ መንደር ስለገቡ፣ ፊደል ያስቆጠሯቸው እናታቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ገብተው ስፒትፋየር አውሮፕላን መርከብ ላይ ማሳረፍ በመማር ላይ ሳሉ ጦርነቱ አበቃ። በ1950 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1953 አሜሪካ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ቤል ላብስ አቀኑ። ለአፖሎ ጉዞዎች ጨረቃ ላይ ማረፊያ ቦታ በመምረጥም ተሳትፈዋል።

በጥቅምት 1969 አለቃቸው ከሲሊኮን የተሠራ አዲስ የመረጃ ማከማቻ ካልመጣ በጀቱ ወደ ሌላ ክፍል ሊዞር እንደሚችል እያሳሰቡ ነበር። ቦይልና ባልደረባቸው ጆርጅ ስሚዝ ሰሌዳ ፊት ቆመው በአንድ ሰዓት ያህል ሲሲዲ የተባለውን ንድፍ አወጡ።

አሠራሩ ውብ ነው። ብርሃን ሲሊኮን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር የሚላቀቁት ይበዛሉ። የቺፑ ገጽ በረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች የተከፋፈለ ነውና እያንዳንዱ ነጥብ የድርሻውን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ቮልቴጁ በተራ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ግንበኞች ጡብ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ፣ ነጥቦቹ ኤሌክትሮኖቹን ለጎረቤታቸው እያሳለፉ እስከ ቺፑ ጠርዝ ያደርሷቸዋል። እዚያ ተለክተው ቁጥር ይሆናሉ፤ ምስሉም ከቁጥሮቹ ይገነባል። ለማከማቻ የታሰበው ይህ ቅብብል ለካሜራ የበለጠ ተስማማ።

ትልቁን ጥቅም ያገኙት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይመስሉኛል። የድሮው የፎቶግራፍ ሳህን ከሚደርሰው ብርሃን ጥቂት በመቶውን ብቻ ሲይዝ፣ ሲሲዲ አብዛኛውን ይይዛል። በ1990 ወደ ሕዋ የወጣው ሀብል ቴሌስኮፕም ሲሲዲ ይዞ ነው የሄደው። በኪሳችን ያሉት ስልኮች ግን ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሲሞስ የተባለውን ሌላ ዓይነት ቺፕ ነው፤ በ1990ዎቹ በናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ኤሪክ ፎሰም ያዳበሩት።

ቦይል በ1979 ጡረታ ወጥተው ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተመለሱ። በ2009 ከስሚዝ ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ግማሽ ተካፈሉ፤ በ2011 አረፉ። ሽልማቱ ግን ቅሬታ አስነሥቷል። ንድፉን ወስደው ምስል የሚያነሣ መሣሪያና ካሜራ ያደረጉት እዚያው ቤል ላብስ የነበሩት እንግሊዛዊው ማይክል ቶምፕሴት ናቸው። የኖቤል ኮሚቴው ሽልማቱን የሰጠው ለምስል መቅረጫነቱ ሆኖ ሳለ፣ ካሜራውን የሠሩትን ሰው መተዉ ትክክል አልመሰለኝም። የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ቶምፕሴትን ብሔራዊ የቴክኖሎጂና ፈጠራ ሜዳሊያ ሸልሟቸዋል።