የጃማይካ ሴቶች እና የማያልቀው መዋጮ

ኦገስት 2 ቀን 2023 ከሥራ በፊት ኳስ ለማየት ብዬ በማለዳ ተነሳሁ። ሜልቦርን ላይ መሽቷል፤ እኔ ባለሁበት በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ግን ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። በሴቶች የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ የምድብ ጨዋታ ጃማይካ ከብራዚል ተፋጠዋል። ጃማይካ አቻ ብትወጣ ታልፋለች፤ ብራዚል ግን ማሸነፍ ግድ ይላታል። ብራዚሎቹ ሲያጠቁ፣ የጃማይካ ልጆች ሲከላከሉ፣ ጨዋታው ያለ ግብ አለቀ። በፊፋ ደረጃ 43ኛ የነበረችው ደሴት 8ኛዋን ብራዚልን ሸኘቻት። የታላቋ ማርታ የዚያ ዓለም ዋንጫ ጉዞም በዚያው ተቋጨ።

ሥራ ስገባ አንዲት ጃማይካዊት ባልደረባዬን "እንኳን ደስ አለሽ!" አልኳት። አመሰገነችኝና "ልጆቹ እዚያ የደረሱት እኮ እኛ አዋጥተን ነው" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ገንዘብ የሰጠችበትን የጎፈንድሚ ገጽ አሳየችኝ። ለብሔራዊ ቡድን!

እኛ ሐበሾች መዋጮን አሳምረን እናውቀዋለን። ለታመመ ወገን እናዋጣለን፣ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመሸኘት እናዋጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ፣ ለተፈናቀለ፣ ለትምህርት ቤት እናዋጣለን። ሀገርን ወክሎ ዓለም ዋንጫ ለሚሄድ ቡድን ሲዋጣ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነዚህን ልጆች ታሪክ ስከታተል ቆየሁ። ብዙዎች የሚነግሩን የጀግንነቱን ግማሽ ነው። እኔ ሌላውን ግማሽ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛንም ይመለከተናል።

ጃማይካ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። የሴቶቹ ቡድን "ሬጌ ገርልዝ" ይባላል። ይህ ቡድን በ2010 አካባቢ ፌዴሬሽኑ በጀት አልባ አድርጎት ፈረሰ። ጨዋታ ስላልነበረው ከፊፋ የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ስሙ ጠፋ። በ2014 የቦብ ማርሊ ልጅ የሆነችው ሴዴላ ማርሊ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት በመጣው በራሪ ወረቀት ላይ ለሴቶቹ ቡድን እርዳታ ሲጠየቅ አየች። ለካ ሀገሯ የሴቶች ቡድን አላት፤ ለካ ቡድኑ ገንዘብ የለውም! ከዚያ በኋላ የቡድኑ አምባሳደር ሆነች፣ ከወንድሞቿ ከስቲቨንና ከዴሚያን ጋር ዘፈን አወጣች፣ ለጋሾችን አፈላለገች፣ በአባቷ ስም ከተቋቋመው ፋውንዴሽን ድጋፍ አስገኘች። ቡድኑ ተነሳ። በ2016 ለኦሎምፒክ ሳያልፍ ሲቀር ግን እንደገና ተበተነ። እንደገና ደግሞ ተሰበሰበ።

ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ቴክሳስ ውስጥ ጃማይካ ከፓናማ ጋር 2 ለ 2 ተለያይታ በፍፁም ቅጣት ምት አሸነፈች። ከካሪቢያን ሀገሮች ሁሉ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ያለፈች የመጀመሪያዋ ሆነች። አሰልጣኙ ሂዩ ሜንዚስ ፍሎሪዳ ውስጥ የታዳጊዎች ክለብ የሚመራ፣ ብሔራዊ ቡድኑን በነፃ ሲያሠለጥን የቆየ ሰው ነበር። በ2019 ፈረንሳይ ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ፤ በብራዚል 3 ለ 0፣ በጣሊያን 5 ለ 0፣ በአውስትራሊያ 4 ለ 1። ያችን አንዲት ግብ ያስቆጠረችው አማካይዋ ሀቫና ሶላውን ናት። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ከዓለም ዋንጫው ሲመለሱ ምን ጠበቃቸው? በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ተጫዋቾቹ በውል የተገባልን ክፍያ አልደረሰንም፣ ካልተከፈለን አንጫወትም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ገንዘቡ የተለቀቀው ከዚያ ጩኸት በኋላ ነው።

ወደ 2023 እንምጣ። ዓለም ዋንጫው ሊጀመር አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ተጫዋቾቹ ለፌዴሬሽኑ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የጉዞው፣ የማረፊያው፣ የልምምዱ፣ የምግቡ፣ የክፍያው ነገር ከደረጃ በታች ነው አሉ። በዝግጅት ጉድለት የወዳጅነት ጨዋታዎች እንዳመለጧቸውም ገለጹ። የሀቫና ሶላውን እናት ጎፈንድሚ የከፈቱት በዚያን ሰሞን ነው። አስቡት እስቲ፤ ልጅዎ ሀገር ወክላ ልትጫወት ነው፣ እርስዎ ደግሞ ለቡድኑ ወጪ ከሰው ገንዘብ እየለመኑ ነው።

በዚህ ሁኔታ አውስትራሊያ የገባው ቡድን ከፈረንሳይ ጋር ያለ ግብ ወጣ። በዚያ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ትልቋ አጥቂያቸው ካዲጃ ሾው በሁለተኛ ቢጫ ተሰናበተች። እሷ በሌለችበት በአሊሰን ስዋቢ የጭንቅላት ግብ ፓናማን 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ብራዚልን ሸኙ። በጥሎ ማለፉ በኮሎምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ። በአራት ጨዋታ የገባባቸው ግብ አንድ ብቻ ነው። ዓለም አጨበጨበ። "ከምንም ተነስተው" ተባለ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጭብጨባው ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። ኦክቶበር 2023 ላይ ተጫዋቾቹ ከፌዴሬሽኑ ጋር በነበራቸው አለመግባባት ለኮንካካፍ ጎልድ ካፕ ማጣሪያ አንሰለፍም አሉ። ፌዴሬሽኑ ሌሎች ልጆችን አሰለፈ። ጃማይካ በ2024 ከተካሄደው ከዚያ ውድድር ውጭ ሆነች። ፓናማ ግን ነበረች፤ ያቺው በዓለም ዋንጫው ያሸነፏት ፓናማ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የጃማይካ ሴቶች ታሪክ "መዋጮ ተአምር ይሠራል" የሚል ብቻ ሆኖ ሲነገር ግማሹ ይቀራል። መዋጮው ቡድኑን ሜዳ አድርሶታል፣ እውነት ነው። በውድድርና በውድድር መካከል ግን ቡድንን የሚያቆመው መዋጮ አይደለም። ደመወዝ በጊዜው መክፈል፣ የልምምድ ጨዋታ ማዘጋጀት፣ ትኬት ቀድሞ መቁረጥ፣ ለታዳጊዎች ሊግ ማቋቋም የፌዴሬሽን ሥራ ነው። እናት ጎፈንድሚ በከፈተች ቁጥር "ልጆቹ አልተጓዙም" የሚል ቅሌት ይቀራል፤ ቅሌቱ ሲቀር ደግሞ ጥያቄውም አብሮ ይቀራል። ለጋሹ ሳያስበው የኃላፊውን ሸክም አቅልሎለታል።

አንዳንድ ሰው "ታዲያ አንስጥ? ልጆቹ ይቅሩ?" ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ አትስጡ አልልም። ባልደረባዬ ባትሰጥ፣ ያቺ እናት ዝም ብትል፣ ሴዴላ ማርሊ በራሪ ወረቀቱን ጥላው ቢሆን ያ ጠዋት ባልኖረ ነበር። ሆኖም ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈሉት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ለሀገር መጫወት የሚወዱትን ነገር ትተው "ካልተከፈለን አንሰለፍም" አሉ። ሰው አመስጋኝ አይደሉም ሊላቸው እንደሚችል እያወቁ ነው። የሰጠ ሰው ከእነሱ ጎን መቆም ያለበት ቡድኑ ሲያሸንፍ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ሲጠይቁም ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ ይብሳል። ጃማይካ ጥምር ዜግነት ስለምትፈቅድ የስደተኛው ልጅ ራሷ ትሰለፋለች። ግብ ጠባቂዋ ርብቃ ስፔንሰር ለንደን የተወለደች ናት። ፓናማ ላይ ያገባችው አሊሰን ስዋቢም የተወለደችው አሜሪካ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ መልበሻ ክፍል ውስጥ አለች፤ የጎደለውን በዓይኗ ታያለች፣ ትናገራለች። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሀገር ቤት ለመኖርና ለመሥራት ይጠቅማል እንጂ የሉሲን ማሊያ አያስለብስም። ስለዚህ ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ተወልዳ ኳስ የምትችል ልጃችን የውጭ ፓስፖርቷን ይዛ ለኢትዮጵያ ልትሰለፍ አትችልም። ለአብዛኞቻችን የቀረን መንገድ ኪሳችን ነው።

ኪሳችን ብቻ ከሆነ ደግሞ ኪሳችን አፍ ሊኖረው ይገባል። ሉሲዎቹ እስካሁን ዓለም ዋንጫ አላዩም። በ2004 ግን በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ነበር፤ እነ ሎዛ አበራም ማልታ ድረስ ሄደው ክለብ ተጫውተዋል። ችሎታ የለም የሚል ሰው አይኖርም። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ "ለሉሲዎቹ እናዋጣ" ቢል እጄን ከሚያወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ከመስጠቴ በፊት ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ገንዘቡ የሚገባው በማን እጅ ነው? ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚሉት ተሰምቷል ወይ? ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው ዓመት ቡድኑ ምን ይሠራል? ለዕድርና ለዕቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ መርጠን፣ ሒሳብ እያስመረመርን የምንኖር ሰዎች ነን። ለብሔራዊ ቡድን ሲሆን ለምን እናፍራለን?

በቅርቡ ያቺን ባልደረባዬን "እንደገና ጎፈንድሚ ቢከፈት ትሰጫለሽ?" አልኳት። "እሰጣለሁ" አለችኝ፤ "አሁን ግን ለፌዴሬሽኑም ደብዳቤ እጽፋለሁ"። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ስንልክ ደብዳቤም አብረን እንላክ።

ቸር ያሰማን።