በእግር መሄድ አንጎልን ያሳድጋልን?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ቆሜ የሠራሁትን ስሕተት አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። ስለ አንጎል የነበረንን ትምህርት ጨርሼ ሳለሁ ተማሪዎቼን ለማበረታታት ብዬ፣ «በእግር መሄድ አንጎልን እንደሚያሳድግና የማስታወስንም ኃይል እንደሚጨምር የአሜሪካ ሊቃውንት በፎቶግራፍ አረጋግጠዋል» አልኋቸው። ከወደ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የሄዱት ሰዎች ካልሄዱት ይልቅ አስታወሱ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ከወሬ ሰማሁት እንጂ ጥናቱን አላነበብሁትም ነበርና።

በዚያው ሰሞን በቤቴ ደግሞ ከዚህ የባሰ አድርጌ ነበር። አያቴ ስም መርሳት ጀምረዋል፤ እኔንም አንዳንድ ጊዜ በአባቴ ስም ይጠሩኛል። ያንኑ ወሬ ይዤ፣ «እማማ፣ ይነሡ እንጂ! በየቀኑ ቢሄዱ አንጎልዎ ያድጋል፤ መርሳቱም ይለቅዎታል» እያልሁ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ጠዋት ጠዋት አስነሣቸው ነበር። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ትናንትም ሄድሁ፣ ዛሬም ረሳሁ። ምናልባት ሳልበረታ ቀርቼ ይሆን?» አሉኝ። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ማኖራቸው እጅግ አሳዘነኝ። ጥናቱን ፈልጌ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያገኘሁትንም እነሆ አቀርብላችኋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው እንናገር። የሕያው ሰው ራስ ሳይከፈት አንጎሉን ለማየት ከሚያስችሉት መሣሪያዎች ዋነኛው ኤም አር አይ የሚባለው ነው። የመሠረቱን አሳብ አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በ1973 አሳተመ፤ እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም ዘዴውን አሻሻለ፤ ስለዚህም ሥራ ሁለቱ በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰውነታችን አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ በውሃም ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ሰውየው በታላቅ ማግኔት ውስጥ ሲጋደም፣ በሰውነቱ ያለው ሃይድሮጅን እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ ያዘነብላል። የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ካዘነበለበት ይናወጣል፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ወደ ቦታው እየተመለሰ በበኩሉ ደካማ ምልክት ይሰጣል። ኮምፒዩተር ያንን ምልክት እየሰበሰበ ሥዕል ያደርገዋል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም።

አሁን ደግሞ ሐኪሞች መድኃኒት ላልሆነ ነገር፣ ማለትም በእግር ለመሄድ፣ ለስፖርት ወይም ለጸጥታ ልምምድ ይህን መሣሪያ ለምን እንደፈለጉት እንመልከት። አንድ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን ሕመምተኞቹ በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። ለግማሾቹ እውነተኛው ክኒን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያው ይሰጣቸዋል፤ ማን የትኛውን እንደዋጠ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። ስለዚህ በተስፋ ብቻ «ተሻለኝ» የሚል ሰው ቢኖር በሁለቱም ወገን እኩል ይኖራል፤ የተረፈው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በእግር የሚሄድ ሰው መሄዱን እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላልን? አይቻልም። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ ሲለማመድ የከረመ ሰው የደከሙለትን ሰዎች ላለማሳዘን ሲል ብቻ እንኳ «ደኅና ነኝ፣ ተሻለኝ» ሊል ይችላል። የአንጎል ሥዕል ግን ይሉኝታ አያውቅም። ሊቃውንቱ ተስፋ ያደረጉት በዚህ ነው።

ወሬው የተነሣበት ጥናት በ2011 የታተመ ሲሆን፣ የሠሩትም ኪርክ ኤሪክሰን፣ አርተር ክሬመርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆነ 120 ሰዎችን በዕጣ በሁለት ከፈሉ። 60ዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን በእግር ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ሄዱ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየተጨመረ በ7ኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ። የቀሩት 60ዎቹም ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ በዚያው ልክ እየመጡ ሰውነታቸውን የማፍታታትና የመሳሳብ ልምምድ ያደርጉ ነበር። የሁሉም አንጎል በመጀመሪያ፣ ከ6 ወር በኋላና በዓመቱ መጨረሻ ተነሣ።

የተመለከቱት ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። ስሙ በግሪክኛ የባሕር ፈረስ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ስም ነው፤ ቅርጹ እሷን ይመስላልና። አዲስ ነገር በአእምሮአችን እንዲቀመጥ የሚያደርግ ታላቅ ሥራ ያለው ክፍል ሲሆን፣ በእርጅና ጊዜ እየኮሰሰ ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ በእግር የሄዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ ከመቶ 2 እጅ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ የሌሎቹ ግን ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ቀነሰ። እርግጥ ነው፣ ይህ የሚያስደንቅ ነው። ጋዜጦች የጻፉትም እኔም በክፍል የደገምሁት ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ዝምተኛ ተማሪ ጥያቄ መልሱ በዚያው ጥናት ውስጥ ተጽፎ ነበር። የማስታወስ ፈተና ሲሰጣቸው በእግር የሄዱት ተሻሽለው ተገኙ፤ ሰውነታቸውን ያፍታቱትም እንደዚያው ተሻሽለው ተገኙ። በፈተናው አንዱ ወገን ከሌላው አልበለጠም። ሥዕላቸው ተለያየ፤ ማስታወሳቸው ግን አልተለያየም። ከሄዱት መካከል ሂፖካምፐሱ ይበልጥ የጨመረለት ሰው በፈተናው ይበልጥ መሻሻሉ ታይቷል፤ ይህም የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን እኔ «መሄድ የማስታወስን ኃይል ይጨምራል» ብዬ የተናገርሁትን ያህል አያስኬድም። ሁለተኛው ወገን ባይኖር ኖሮ መሻሻሉን ሁሉ ለእግር መንገድ እንሰጠው ነበር። አንድን ፈተና ደጋግሞ የተፈተነ ሰው ግን ምንም ባያደርግ እንኳ ፈተናውን እየለመደው እንደሚሄድ እኛ መምህራን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሰፋ ሙከራ አደረጉ፤ መሪው ዶክተር ኤሪክ ሌንዚ ነበሩ፤ ውጤቱም በ2022 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆነ፣ መርሳት እንደጀመራቸው የሚሰማቸው ነገር ግን የመርሳት በሽታ ያልያዛቸው 585 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንደኞቹ ስፖርት፣ ሁለተኞቹ አሳብን የማሰባሰብ የጸጥታ ልምምድ፣ ሦስተኞቹ ሁለቱንም፣ አራተኞቹ ስለ ጤና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ከ6 ወር በኋላ በማስታወስም ሆነ አሳብን በመምራት ችሎታ ስፖርቱም የጸጥታው ልምምድም ብልጫ አላሳዩም። ክትትሉ እስከ 18 ወር ሲቀጥልም ብልጫ አልተገኘም። ሂፖካምፐሱም በልምምዱ ምክንያት ትልቅ ሆኖ አልታየም።

በጸጥታ ልምምድም ታሪኩ ይኸው ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ለ8 ሳምንት የተለማመዱ 16 ሰዎችን መርምሮ አንጎላቸው በአንዳንድ ቦታ ጨምሯል አለ። በ2022 ግን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ 218 ሰዎች ሲመረመሩ እንዲህ ያለ ለውጥ አልተገኘም።

ታዲያ የፊተኞቹ ዋሹን? አልዋሹም። ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ አጋጣሚ የሠራውን ነገር ሕክምናው የሠራው ሊመስል ይችላል። ከመቶ 2 እጅ ማለትም እጅግ ትንሽ ልኬት ነው፤ ሰውየው በመሣሪያው ውስጥ ራሱን ጥቂት ቢያንቀሳቅስ እንኳ ሊዛባ ይችላል። ደግሞም አንጎል ብዙ ክፍል አለው፤ መቶ ቦታ የሚፈልግ ሰው በአንዱ ቦታ አንድ ነገር አያጣም። የኋለኛው ጥናትም ቢሆን የመጨረሻው ፍርድ አይደለም፤ አንጎል የሚያረጀው በብዙ ዓመት ነው፤ 18 ወር ደግሞ አጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ፣ አንባቢዎቼ፣ «ይህ ነገር አንጎልን ያሳድጋል» የሚል ወሬ በደረሳችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰዎቹ በዕጣ ተከፍለዋልን? ለማነጻጸሪያ የተመደቡትስ ምን ሲያደርጉ ከረሙ? ሰውየውስ ራሱ ተሻለውን፣ ወይስ ሥዕሉ ብቻ ተለወጠ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እናት ወይም አባት ሲረሳ የሚጨንቀን በሥዕሉ መኮሰስ ሳይሆን የልጁን ስም ማጣቱ ነውና።

በእግር መሄድን ግን አትተዉ። ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ዙሪያ ለምንውል ለተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይህ ታላቅ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለእንቅልፍ እንደሚረዳ ብዙ ማስረጃ አለ። እውነተኛ ጥቅም ያለው ነገር ባልተረጋገጠ ጥቅም መወደስ አያስፈልገውም።

አያቴን ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ወሰድኋቸው። መርሳት አንዳንድ ጊዜ ከቪታሚን ማነስ፣ ከእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ከኀዘን ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ይህን ማስመርመር ይገባ ነበር። አሁንም አብረን እንሄዳለን፤ ነገር ግን ጉልበታቸው በፈቀደ ቀን፣ እስከ ጎረቤታቸው ቤት ድረስ ብቻ ነው፤ ቡና ጠጥተው እንመለሳለን። ስም ሲረሱ ስሙን እነግራቸዋለሁ። «ሳልበረታ ቀርቼ ይሆን?» ብለው ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም።

ለተማሪዬም በሚቀጥለው ሳምንት በክፍሉ ፊት መልሱን ሰጠሁት፦ «አንተ የጠየቅኸው ትክክል ነበር፤ ሳላነብ የተናገርሁት እኔ ነኝ» አልሁት።